ቋጠሮውን ማን ቆረጠው

አጎቴ ኢዶሳ በላይነህን ሃያ ጊዜ ገድሎታል። በአፉ። ራቱን በልቶ እጁን ሲታጠብ ደሙ ይፈላና ከምሰሶው ሥር ተነሥቶ ይቆማል፤ የጦሩን ዘንግ መሬት ላይ እየመታ፣ «የሰቦቃ አጥንት ይፋረደኝ! ነገ ፀሐይ ሳትጠልቅ የዚያን ውሻ ደም ካላፈሰስኩ እኔ ወንድ አይደለሁም!» ይላል። እኔ አጨበጭባለሁ። ጎረቤት ካለም «አበጀህ፣ የወንድምህ ወንድም!» ይለዋል። ከዚያ አጎቴ ቁርበቱ ላይ ይጋደምና ያንኮራፋል። በማግስቱም ሰው ሳይገድል ይውላል። ማታ ደግሞ እንደ አዲስ ይምላል።

ሰባት ዓመቴ ነበር። ሰቦቃ አባቴ ነው። በላይነህ ደግሞ እንጦጦ ላይ ለሚሠሩት የመኳንንት ቤቶች ጥድ የሚያስቆርጥና የሚያስጎትት አለቃ ነበር። አሁን ባሕር ዛፍ የወረሰው ያ ተራራ ያን ጊዜ ጥድ በጥድ ነበር። አንድ ቀን አባቴን ከሁለት በሬዎቹ ጋር ወስደውት ሄዱ፤ በሦስተኛው ቀን በቃሬዛ አምጥተው ደጃችን ላይ አስቀመጡት። «ግንድ ተንከባሎበት ነው» አሉ። ግንድ የተንከባለለበት ሰው ግን ጭንቅላቱ ብቻ ተፈርክሶ ደረቱና እግሩ ደህና አይሆንም። ይኸን ሰባት ዓመት የሆናት ልጅ እንኳ ታውቀዋለች። ሁሉም አወቀው፤ አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን አጎቴ ብቻ ነበር፤ እሱም ከራት በኋላ።

እናቴ ዲንቄስ? እናቴ አልማለችም፣ አልፎከረችም። እናቴ ትጠይቅ ነበር።

ጎሕ ሲቀድ እንስራዋን አዝላ ከቤታችን በታች ወዳለው ወንዝ ትወርዳለች። እኔ ቅሌን ይዤ እከተላታለሁ። ወንዙ ዳር ስትደርስ እንስራዋን ድንጋይ ላይ ታሳርፍና ነጠላዋን ልክ እንደ ተሟጋች አደግድጋ፣ አንድ ጣቷን ወደ ውሃው ቀስራ፣ በዚያ ገና በማይፈታላት አማርኛ ትጀምራለች። ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በኦሮምኛ ነበር፤ ለዚህ ነገር ብቻ ነው አማርኛ የምታወጣው።

«ተጠየቂ!»

«እሺ፣ ልጠየቅ» ትላለች ራሷው።

«ዲንቄ ነሽ?»

«ነኝ።»

«የሰቦቃ ሚስት ነሽ?»

«ነበርኩ።»

«ዛሬ በላይነህን ትይዥዋለሽ?»

ውሃው ብቻ ይንሿሿል። ጣቷን አጥፋ፣ «እንጃ» ትላለች።

«ለምን እንጃ አልሽ?»

«አማርኛዬ ይሰናከላል። ይስቁብኛል።»

«ቢስቁብሽ ትሞቻለሽ?»

«አልሞትም።»

«እንግዲያስ ዛሬ ትይዥዋለሽ?»

«ዛሬስ አልችልም።»

ከዚያ ውሃዋን ቀድታ ትመለሳለች። እኔ ከኋላዋ እየሄድኩ አንጀቴ እርር ይላል። እንጃ! አባቴ ከመሬት ሥር ተኝቶ እሷ እንጃ! አጎቴ «እገድለዋለሁ» ሲል ቤቱ ይናወጣል፤ እሷ ደግሞ ራሷን «ትችያለሽ ወይ» እያለች ውሃ ታስመሰክራለች። ፈሪ ናት አልኩ። እናቴን ናቅኋት፤ እውነቱን ልናገር እንጂ ምን አደርጋለሁ፣ ናቅኋት።

ዛሬ ሽበቴን ተሸክሜ ሳስበው ይገርመኛል። አጎቴ «አደርጋለሁ» ባለ ጊዜ ሙገሳውን ወዲያው ይቀበላል፤ ያደረገው ያህል ደስ ብሎት ይተኛል። እሷ ግን «እንጃ» ያለችውን ነገር ቀኑን ሙሉ ሆዷ ውስጥ ይዛው ትዞራለች። በማግስቱ ጥያቄው ይለወጣል። «ምን ያስፈራሻል?» ትላለች። ሌላ ቀን «የት ትይዥዋለሽ?» ሌላ ቀን «ምን ብለሽ?» ቀን ቀን እንጨት ልትሸጥ የምትሄደው የካ ሚካኤል አጠገብ ዳኛው ከሚያስችሉበት ወይራ ሥር ነበር፤ እንጨቷ ከተሸጠ በኋላም ጨለምለም እስኪል እዚያው ቁጭ ብላ የሙግት አማርኛ ትለቅም ነበር። እኔ ግን ሥራ ፈታ የዋለች መስሎኝ ተናደድኩባት። በኋላ እኔም ባሌ ሞቶ ዘመዶቹ ርስቴን ሊነጥቁኝ የመጡ ጊዜ «ጂቱ፣ ተጠየቂ! አሁን ትነሽያለሽ ወይስ ትቀመጫለሽ?» ብዬ ነው የተነሣሁት። ርስቴም እንዳለ አለ።

አንድ እሑድ ንጋት ላይ ወንዙ ዳር ድምፅዋ ተለወጠ።

«ዛሬ ትይዥዋለሽ?»

«እይዘዋለሁ።»

«በጦር ነው?»

«አይደለም። በሕግ አምላክ።»

«ልብስሽን ከልብሱ ትቋጥሪያለሽ?»

«እቋጥራለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«ዳኛ እስኪፈታኝ።»

እኔ የሰማሁት መቋጠሩን ነው። ሌላው አልገባኝም።

የካ ሚካኤል ላይ ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ሲበተን በላይነህ ኩታውን አጣፍቶ፣ ቀይ በቅሎውን አሽከር እየሳበለት በደጀ ሰላሙ በኩል መጣ። ሰውየው መልከ መልካም ነበር፤ ይኸን አልክድም፤ እንዲያውም መልኩ ነው ይበልጥ ያስጠላኝ። እናቴ መንገዱ መሐል ቆመች። እኔ የቤተ ክርስቲያኑ ካብ ላይ ወጥቼ አያለሁ።

«በሕግ አምላክ!» አለች። «በሕግ አምላክ፣ ቁም!»

የሚሄደው ሁሉ ቆመ። በላይነህም ቆመ። እናቴ ተጠጋችና የኩታውን ጫፍ ይዛ ከነጠላዋ ጫፍ ጋር ሁለት ጊዜ አጥብቃ ቋጠረችው። ሰውየው ሣቀ።

«አንቺ ሴት፣ ምን ሆንሽ?»

«የባሌን ደም እጠይቅሃለሁ» አለች። ይኸን ያለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ እኔ ካቡ ላይ ሆኜ አልሰማሁትም። ያየሁት የእናቴ ልብስ ከአባቴ ገዳይ ልብስ ጋር ተቋጥሮ፣ ካህኑ መምሬ ወልደ ኢየሱስ አጠገባቸው ቆመው ሲናገሩ ነው። እኛ የሰፈር ልጆች ሙሽራ ሙሽራ ስንጫወት እንደዚያ ነበር የምናደርገው። ሙሽሪትንና ሙሽራውን ልብስ ለልብስ እንቋጥራለን፤ አንዱ ልጅ ቄስ ይሆንና ያጉረመርማል፤ እኛ እልል እንላለን። እናቴ አገባችው!

መምሬ ያን ቀን የተናገሩትን ያወቅሁት በኋላ ነው። «ልጆቼ፣ ዳኛው ተዝካር ሄደዋል፤ ረቡዕ ይመለሳሉ። እስከዚያ ከዚህ ደጀ ሰላም አትራቁ። ቋጠሮውን የፈታ ተረታ፤ ተከሳሽ ቢፈታው ጥፋቱን አመነ፣ ከሳሽ ብትፈታው ክሷን ጣለች። በእኔ ፊት ነው።» የዘመኑ ሕግ እንዲያ ነበር። ያለ ገመድና ያለ ዘበኛ፣ አንዲት የሸማ ጫፍ ጉልቤውን ሁሉ ትይዘዋለች። በላይነህም አልፈራም፤ ምስክር እንደሌለ ያውቃል። ሦስት ቀን ከአንዲት ባልቴት ጋር ቁጭ ብሎ ረቡዕ ሥቆባት ሊሄድ ነው ያሰበው።

ሦስቱን ቀን እዚያው በደጀ ሰላሙ ጥግ ተቀመጡ። ውጭ መውጣት ሲያስፈልግ አንደኛው ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል፤ ልብሱ ይወጠራል፤ አላፊ አግዳሚው ይሥቃል። እኔ ጠዋትና ማታ ቆሎ አመጣለሁ። እናቴ ቆሎውን ለሁለት ትከፍልና ግማሹን ለእሱ ትሰጠዋለች። ለእሱ! ከአባቴ እርሻ የመጣውን ገብስ! እጄን ከመንከስ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። ሰኞ ዕለት ጭራሽ በጨዋታ ተያዙ። እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትጠይቀዋለች፣ እሱ ይመልሳል። ማክሰኞ ከሰዓት ቆሎ ይዤ ስደርስ በላይነህ እንባው በጢሙ ይወርዳል፣ እናቴ የውሃ ቅሉን አፉ ላይ ይዛለታለች። ቆሎውን መሬት ላይ ዘርግፌ ሮጥኩ።

እናቴ በኋላ እንደ ነገረችኝ፣ ያን ሁለት ቀን ስለ ግድያው አንዲት ቃል አልጠየቀችውም። ስለ በሬዎቹ ጠየቀችው። ቀለማቸው ምን ነበር? የትኛው ቀድሞ ደከመ? ሰቦቃ ምን ብሎ ነው ሁለተኛውን ብቻውን አልጠምድም ያለው? እየመለሰ እየመለሰ ሄዶ ማክሰኞ ከሰዓት ላይ፣ «በምሳሩ እጀታ ነው። ሁለቴ መታሁት» አለ። ያ እንባ ያ ነበር። ውሃውን የሰጠችው ጉሮሮው ደርቆ ዝም እንዳይልባት ነው። ስታዝንለት አልነበረም፤ አንጀቷ ድንጋይ ነበር።

ቤት ስደርስ አጎቴ ኢዶሳ ደጃችን ላይ ቀይ በቅሎ አስሯል። የበላይነህ በቅሎ ናት፤ ወዲያው ዐወቅኋት። «ማረክኸው?» አልኩት እየዘለልኩ። «እ? አዎ» አለ። ወይ እኔ! አምኜው እኮ በቅሎዋን ሣር አበላኋት።

አጎቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ የአባቴን ቢላዋ በድንጋይ እየሳለ፣ «ጂቱ» አለኝ። «የሰቦቃ ልጅ ነሽ?»

«ነኝ።»

«እናትሽ ልብሷን ከማን ልብስ ጋር እንደ ቋጠረች አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«እና ዝም ብለሽ ታያለሽ?»

በእጄ የቀረውን ሣር መሬት ላይ ጣልኩት።

«ማለዳ ላይ እንቅልፍ ይጥላቸዋል» አለ። «ቋጠሮውን ሌላ ሰው ቢነካው ነውር ነው። የገዛ ልጇ ብትሆን ግን... ምን ታደርጊያለሽ?»

መልሴን ሳይጠብቅ ቢላዋውን ግድግዳው ላይ ሰቀለው፤ ሁልጊዜ ከሚሰቀልበት ዝቅ አድርጎ፣ በእኔ ቁመት ልክ። ሲያጨበጭብለት የኖረው ሕፃን ምን እንደሚያደርግ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቅ ነበር። የሰው ልጅ ሲምሉለት ሳይሆን ሲጠይቁት እንደሚነሣ ከእናቴ ሰምቶ ተምሮ ኖሯል። በቅሎዋ በላይነህ ለዚህች ጥያቄ የከፈለው ዋጋ እንደ ነበረች የገባኝ ሃያ ዓመት ቆይቶ ነው። ቱ!

ረቡዕ ሲነጋጋ ሄድኩ። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ አንገቷ ወደ ጎን ወድቋል፤ ሦስት ሌሊት አልተኛችም ነበር። በላይነህ ኩርምት ብሏል። ቋጠሮው በመሐከላቸው ጤዛ ጠጥቶ ተቀምጧል። በጥርሴ ብሞክረው አልሆነም፤ በቢላዋው ገዘገዝኩት። የበላይነህ ጫፍ ተበጠሰ። ቀና ስል ዓይኑ ተከፍቷል።

«ማን ላከሽ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ሂድልን። እናቴን ተዋት።»

ቀስ ብሎ ፈገግ አለ፤ ተነሣ፤ ኩታውን አራገፈና ወደ ወይራው ዛፍ በእርጋታ ሄደ። ሮጦ አለመሸሹ ትንሽ ገረመኝ። እኔም ወደ ቤት ሮጬ ቢላዋውን መልሼ ሰቀልኩ። ደስታዬ! አባቴን የተበቀልኩለት መስሎኝ እየዘፈንኩ ተመለስኩ።

ስመለስ ዳኛው ወይራው ሥር ተቀምጠዋል፤ አገሩ ተሰብስቧል። በላይነህ የተቆረጠውን የኩታ ጫፍ ከፍ አድርጎ ይዞ ይናገራል። «ጌታዬ፣ ከሳሼ ራሷ ፈታኛለች። ከእንቅልፌ ስነቃ ተለቅቄአለሁ። ክሷን ጥላለች፣ ያሰናብቱኝ!»

እናቴ ቆማለች። ነጠላዋ ላይ ቋጠሮው ከነቁራጩ ተንጠልጥሏል። አፏን ከፈተች፤ ያ ለስንት ወር ያጠናችው አማርኛ ጠፋት። «እኔ... ተኛሁ... አልፈታ...» አለች። ሰው ሣቀ። ከሁሉ ነገር የምትፈራው ያንን ሣቅ ነበር፤ ያ ሣቅ መጣባት።

አጠገቤ የመምሬ ባለቤት እማማ ብዙነሽ ቆመዋል። ደረታቸውን እየደቁ፣ «ምስኪን! ሦስት ቀን ሙሉ ይዛው ኖራ፣ ዛሬ የባሏ ደም ውሃ ሆኖ ቀረ» አሉ።

«አላገባችውም እንዴ?» አልኳቸው።

«ምን?» ብለው ዝቅ ብለው አዩኝ። «አንቺ የተረገምሽ! ዳኛ ፊት እስክታቆመው ነው የቋጠረችው! አባትሽን ገድሏል ብላ!»

እናቴን አየኋት። በሳቁ መሐል ቀጥ ብላ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ራሷን የሆነ ነገር ትጠይቃለች። ወደ አጎቴ ዞርኩ። አጎቴ እግሩን ሲያይ አገኘሁት።

«ማን ፈታው?» አሉ ዳኛው። «አንቺ ነሽ?»

«እኔ አይደለሁም ጌታዬ።»

«ልጇ ናት!» አለ በላይነህ። «ይችው፣ እዚያ የቆመችው! ትጠየቅልኝ!»

«ሕፃን ናት እኮ።»

«ሕፃን መሆኗ ነው ጌታዬ! ውሸት ገና አልጀመረችም። በቃሏ ልርታ፣ በቃሏ ልረታ!»

«በቃሏ ትረታለህ?»

«እረታለሁ!» ብሎ እጁን አነሣ። መምሬም «ሰምቻለሁ» አሉ።

ገፍተው መሐል አቆሙኝ። በላይነህ ኩታውን አደግድጎ ፊቴ ቆመ። ጣቱን ቀሰረብኝ።

«ተጠየቂ!» አለ።

«እሺ፣ ልጠየቅ» አልኩ። ሌላ የማውቀው መልስ አልነበረም። ሰዉ ተንሾካሾከ።

«ዛሬ ጎሕ ሲቀድ እዚህ መጥተሻል?»

«መጥቻለሁ።»

«እኔን አይተሽኛል?»

«አይቼሃለሁ።»

«እሰይ የኔ ልጅ! አሁን ለጌቶች ንገሪ። ይኸን ቋጠሮ ማን ቆረጠው?»

የተቆረጠውን የኩታ ጫፍ ዓይኔ ሥር አመጣው። ጠረኑ ይሸተኛል፤ ጥድ ጥድ ይላል። በሆዴ ውስጥ ሌላ ድምፅ መጣ። ጂቱ፣ ተጠየቂ። የሰቦቃ ልጅ ነሽ? ነኝ። ይኸ ሰው ዛሬ እየሣቀ ወደ ቤቱ ይሄዳል? በማን እጅ? በእኔ። ትዋሻለሽ? እናቴ ስንት ወር «እንጃ» ስትል የኖረችውን እኔ አንዴም እንጃ አላልኩም።

«አንተ» አልኩ።

«ምን?»

«አንተ ነህ የቆረጥከው። በጥርስህ ሞከርክ፣ እንቢ ሲልህ በስለት ቆረጥከው። እናቴ ተኝታ ነበር።»

የሰው ፊት እንደዚያ ሲገረጣ አይቼ አላውቅም። «ውሸቷን ነው!» ብሎ ጮኸ። «ጌታዬ፣ ውሸቷን ነው፣ እሷ ናት! በቢላዋ! ኢዶሳ ያውቃል፣ ኢዶሳ...» አጎቴን ቢፈልገው አጎቴ የለም፤ ሕዝቡ ውስጥ ሰምጧል። ሣቁ ዞረ። አሁን የሚሣቀው በእሱ ነበር። «ራሱ የመረጣትን ምስክር!» እያለ አገሩ ሣቀበት።

«በቃሏ ተረትተሃል» አሉ ዳኛው።

በሰንሰለት አስረው ወደ እንጦጦው ትልቅ ችሎት አወጡት። እዚያ ቋጠሮ ቆርጦ የመጣ ሰው ቃሉን ማን ይሰማዋል? እናቴ ስለ በሬዎቹ አንድ በአንድ ስትጠይቀው፣ ፊት ለፊቷ የተናገረውን ከመድገም ሌላ መውጫ አላገኘም፤ አመነ። ለሟች ዘመዶች፣ «ደም ነው ወይስ ጉማ?» ተባለ። አጎቴ «ጉማ እንቀበል፣ ከብት ይክፈል» አለ። እናቴ «ደም» አለች። በገደለበት ይገደል ተብሎ ምሳሩን ለአጎቴ ሲሰጡት ተቀብሎ ወደ መሬት አወረደው፤ ሃያ ጊዜ የገደለውን ሰው ሃያ አንደኛውን አቃተው። እናቴ ከእጁ ወሰደችው።

እኔን አላሳዩኝም። እማማ ብዙነሽ ቤት ጥጥ ስፈለቅቅ ዋልኩ። ከሰዓት እናቴ ከተራራው ወርዳ በደጃቸው አለፈች፤ ወንዙ ዳር ክንዷን እስከ ክርኗ ታጠበች። እሰይ አልኩ። በስድሳ ዓመቴም እሰይ እላለሁ፤ ካህኑ በንስሐ ጊዜ ይኸን ስነግራቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ይነቅንቁ።

አጎቴ እናቴን ሊወርሳት ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹን ውሃ እንኳ ሳታጠጣ መለሰቻቸው። እሱም በቅሎዋን ይዞ ወደ ሱሉልታ ተሻገረ፤ ሲሞት አልሄድንም።

በላይነህ በሞተበት ዕለት ማታ ቤት ገብተን እናቴ ሥጋ ልትከትፍ የአባቴን ቢላዋ ከግድግዳው አወረደችው። አንስታ ወደ እሳቱ ብርሃን አቀረበችው። ከስለቱ ሥር፣ ከእጀታው ጋር በሚጋጠምበት ቦታ፣ ነጭ የሸማ ክር ተሰክቶ ነበር። እናቴ ክሩን በጥፍሯ ነቀለችው፤ እሳቱ ውስጥ ጣለችው፤ እስኪቃጠል አየችው። ከዚያ ቢላዋውን ከፍ አድርጋ፣ እኔ ከማልደርስበት ቦታ ሰቀለችውና ሥጋውን በእጇ ቦጫጨቀችው። «ብዪ» አለችኝ። በላሁ።

ሠላሳ አራት ዓመት አብረን ኖርን። ልጆቼን አሳደገችልኝ፣ ዓይኗ ሲጠፋ መራኋት፣ በመጨረሻም እጄ ላይ ሞተች። ስለ ሁሉም ነገር ራሷንም እኔንም ስትጠይቅ የኖረች ሴት ያንን አንዱን ሳትጠይቀኝ ሄደች። እሷ ጠይቃኝ ቢሆን እውነቱን እነግራት ነበር። ዳኛው ግን ዛሬ ከመቃብር ተነሥተው ያንን የተቆረጠ ሸማ ዓይኔ ሥር ቢያመጡት፣ ቋጠሮውን የቆረጠው በላይነህ ነው።